ዘርፍ ያወጣው ጨረር

ሰኞ፣ ነሐሴ 7

ዜናው መልኩን ቀየረ። ማንም አስቀድሞ አልነገረንም። በየማታው ስማችን እየተጠራ በምንሰበሰብበት የቀበሌ አዳራሽ፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ያ የለመድነው ባለ መጋረጃ ክፍል ይመጣል ስል የቴሌቪዥኑ ሳጥን ጨለመ፣ ከበሮና መለከት ጮኸ፣ «ዜና» የሚል ጽሑፍ ከሩቅ እየተንደረደረ መጥቶ ፊታችን ተገተረ።

የተቀየረውን ልጻፍ። መጋረጃው የለም። ጠረጴዛው ጎብጧል። አንባቢው ከረባቱን ጥሎ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ኮት ለብሷል። ከጀርባው ግማሽ ፀሐይ ተሥላለች፤ ከእርሷ አንድ ጠቆር፣ አንድ ነጣ ያሉ ወፋፍራም ጨረሮች ወደ ላይ ተዘርግተዋል። የአንባቢው ስም ከሥር ይጻፋል። ይህ ጥሩ ነው፣ እስከ ዛሬ ማን እንደሚያነብልን አናውቅም ነበር። ፊደሉ ግን አስቀያሚ ነው። የ«ና» እግር ተጎትቷል፣ የ«ዜ» ቀለበት ዓይኑ ጠፍቷል። መሪጌታ አባቴ እንዲህ ብጽፍ ጣቶቼን በአለንጋ ይሉኝ ነበር።

ከበሮው ሲጮኽ ሸማኔው አባ ወልዴ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አብዮት ጥበቃው ሽፈራው በጠመንጃው ሰደፍ አገጫቸውን መታቸው። «ለአብዮቱ ዜማ ይነሡ» አላቸው፣ ከመታቸው በኋላ። ደሙ በጋቢያቸው ላይ ወረደ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጌጡ ከነገ ጀምሮ ዜማው ሲሰማ ሁሉም ሰው ይቆማል ሲል አወጀ። ጌጡን ጽሕፈት ያስተማርሁት እኔ ነኝ። መስመር ሳይስት አንድ ገጽ ጨርሶ አያውቅም። ድሮ ወደ አዳራሹ ስገባ ሳያስበው ብድግ ይል ነበር፤ ጥበቃዎቹ ሲስቁበት ተወ።

ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከተ ለአብዮቱ በዓል ከመድረኩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ልክ እንደዚህ እንዲሣል አዘዘ። የሚሥለው ታፈሰ ነው። ታፈሰ የሟች እኅቴ ልጅ ነው፤ አንኮበር ተወልዶ እዚህ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ አደገ። የሻይ ቤት ስምና የሥጋ ቤት በሬ ይሥል ነበር። አሁን የሚሥለው መፈክር ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8

ዛሬ ሁላችንም ቆምን። አባ ወልዴ አገጫቸውን በጨርቅ አስረው መጥተው ከሁሉ ቀድመው ቆሙ።

ታፈሰ ከሳጥኑ ሥር ተቀምጦ በእርሳስ ቀዳ። ልጅ ሳለ ያስተማርሁትን ደግሜ ነገርሁት፤ ያየኸውን ሣል፣ ያሰብኸውን አይደለም። ጨረሮቹ ጫፋቸው ላይ ቀጥ ብለው አያልቁም። ክር ክር የሚል ነገር ተንጠልጥሎባቸዋል። እርሱንም አንድ በአንድ ቀዳው። ወደድሁለት።

ችግሩ ቀለም ነው። ይህ ሳጥን የሚያውቀው ጥቁር፣ ነጭና አመድ ብቻ ነው። ታፈሰ ዜናው ሲያልቅ በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀ።

«ሊቀ መንበር፣ ጠቆር ያለው ጨረር ምን ቀለም ይሁን?»

«ዓይን የለህም እንዴ?»

«ዓይንስ አለኝ። ሳጥኑ ነው ቀለም የሌለው።»

አንዱ ሊስቅ ብሎ በሳል ሸፈነው። ጌጡ ግድግዳውን ትንሽ አየና የባንዲራችን አድርገው አለ፣ አረንጓዴና ቢጫ፣ ማን ይቃወማል። ማንም አልተቃወመም።

ከአዳራሹ ስንወጣ፣ ሱቁ ሳይዘጋ፣ ቀለም ፍለጋ ከአልዩ አምባ ወደሚመጣው ነጋዴ፣ ወደ እንድሪስ ሄድሁ። አረንጓዴና ቢጫ እንደ ልብ አለ። «ቀይ ከሆነ የሚፈልጉት፣ እትዬ፣ መሥሪያ ቤቶቹ ሙልጭ አድርገው ወሰዱት» አለኝ። «ግድግዳው ሁሉ መፈክር ሆኗል። አላህ ሲያመጣው ለእርስዎ አስቀራለሁ።» ቀይ አያስፈልገንም አልሁት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 9

ግድግዳው አለቀ። ዝናቡ ስላላቆመ ቀለሙ ቶሎ አልደረቀም፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሥራው ግን ንጹሕ ነው። ከመድረኩ ጠረጴዛ በላይ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ አረንጓዴና ወርቅማው ጨረር ጣሪያውን ነክቷል፣ ክሮቹ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል። አንድ ነገር ያስታውሰኛል። ምን እንደሆነ ሊመጣልኝ አልቻለም።

ጌጡ ከሥሩ ተቀምጦ ሞከረው። ደስ አለው።

ማታ ከመዘዞ የመጣ አንድ ገበሬ አሰሩ። ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቷል ተብሎ ነው። የቀበሌው እስር ቤት ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ነው። ዜናው ሲጀምር ሽፈራው የሳጥኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቆመን ከበሮውን እየሰማን በመሐሉ የዱላውን ድምፅ እንሰማለን። አንድ ጊዜ ሰውዬውን ከግድግዳው ጋር አላተሙት። እርጥቧ ፀሐይ ተንቀጠቀጠች፣ ከአንዱ ጨረር ቀለም ወረደ። ታፈሰ ሄዶ በጨርቅ ሊጠርግ ሲል ክንዱን ይዤ አስቀረሁት።

አዲሱ ሙዚቃ ከድሮው ይረዝማል። የረዘመው ለዚህ ይመስላል። ለዚህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይመስላል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 10

ታፈሰን ወሰዱት።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጠዋት ከአዲስ አበባ አንድ ካድሬ የበዓሉን ዝግጅት ሊያይ መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው ጭቃ አይነካውም። እኔ የመድረኩን ጨርቅ እየሰፋሁ ነበር። ታፈሰ መሰላል ላይ ሆኖ ትናንት የወረደውን ቀለም ያስተካክላል። ካድሬው በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ብዙ አየው።

«የት ነው የተወለድኸው?» አለው።

«አንኮበር።»

«የነገሥታቱ ከተማ።» ወደ ጌጡ ዞረ። «ጓድ፣ ይህ የንጉሥ ድባብ ነው። አረንጓዴው፣ ወርቁ፣ ዘርፉ። ከሥሩ ማንን ልታነግሡ ነው?»

ያን ጊዜ ነው ሲያስታውሰኝ የሰነበተው የገባኝ። በልጅነቴ አንኮበር ያየሁት ትልቁ ጥላ፣ ጠርዙ ላይ ክር የተንጠለጠለበት። ልክ ያ ነው። እኔ ሳላየው ሰውዬው አየው።

ካድሬው አዲስ አበባ ባለቀለም ሥርጭት ሲሞከር አይቷል። ጨረሩ ቀይና ቢጫ ነው፣ ዘርፍ የሚባል ነገር የለበትም። ታፈሰ ከሳጥኑ ቀዳሁት ማለት ሲጀምር ካድሬው መሰላሉን በእግሩ ገፋው። ታፈሰ በጎኑ ወደቀ። ሊነሣ ሲል በሽጉጡ እጀታ ጆሮው ላይ መታው፤ ደግሞ መታው። ሦስተኛውን ሽፈራው በሰደፍ ጨረሰለት። አረንጓዴው ቆርቆሮ ተደፍቶ ከደሙ ጋር ተቀላቀለ። ቀለሙን የመረጠው ጌጡ ዳር ቆሞ አየ።

ወለሉን እንዳጸዳ አዘዙኝ። አጸዳሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 11

ሥራ አልያዘልኝም። ወንጌል ከፍቼ አንዱን መስመር ስመላለስበት ዋልሁ።

ማታ ስሜ ሲጠራ አቤት አልሁ። ሽፈራው ድምፁን ከፈተ። ከበሮ። ቆምን። ከግድግዳው ጀርባ የታፈሰን ድምፅ ለየሁት። መጀመሪያ ያስረዳ ነበር፣ እንደ ሰው ይናገራል። ከዚያ ቃሉ ጠፋ። ከዚያ «እታለም» አለ። እኔን የሚጠራኝ እንዲህ ነው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ።

አንባቢው በዚያ በሚያምር ጠረጴዛው ላይ እጆቹን አጣጥፎ ስለ አዝመራ ያነባል።

ሰዉ ሲቀመጥ አልተቀመጥሁም። ሽፈራው በጠመንጃው አፈሙዝ ትከሻዬን ተጫነኝ። አልተቀመጥሁም። ደግሞ ሲጫነኝ ወንበሩ ላይ ወደቅሁ።

ሲወጡ አባ ወልዴ አጠገቤ አለፉ። አገጫቸው ስለታሰረ አይናገሩም። እጄን ጨብጠው ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 12

ጌጡ ቢሮ ሄድሁ። ብቻውን ነበር። ብድግ አለ፣ ከዚያ አፍሮ ተቀመጠ።

ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይወስዱታል አለኝ። ከዚያ የተመለሰ አላውቅም፤ እርሱም አያውቅም። ድባቡን ብቻዬን አስቤ ሣልሁ ብሎ እንዲፈርም አድርገውታል።

«ቀለሙን የመረጥኸው አንተ ነህ» አልሁት። «አዳራሹ ሙሉ ሰምቷል።»

«እትዬ፣ ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አለኝ። ከግድግዳው ጀርባ ነው ያለው።»

ብዕሩን አስቀመጠ፣ አነሣ፣ አስቀመጠ። መጨረሻ ላይ ቁልፉን ይዞ ተነሣ።

ታፈሰን ለአፍታ አየሁት። እጅና እግሩን ከዘንግ አስረው ወፌ ላላ ሰቅለውታል። የውስጥ እግሩ ቆዳ የለውም፤ ሥጋው ጠቁሯል። የቀኝ እጁ ጣቶች አብጠው አይታጠፉም፣ አይዘረጉም። ውኃ አጠጣሁት። ከንፈሩን ጠረግሁለት። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«እታለም፣ ዘርፍ አልሣልሁም። ያየሁትን ነው።»

ስመለስ የቡሄ ልጆች መንገዱን ሞልተው ጅራፍ ያጮኻሉ። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ሰውነቴ ይሰበሰባል። አንዱን ልጅ ቆጣሁት፤ ምን አጠፋሁ ብሎ አየኝ። ምንም አላጠፋም።

ማታ ሳጥኑን እንደ ተማሪ ሥራ፣ ስሕተት ለመፈለግ ተመለከትሁት። ክሮቹ ጨረሮቹ ላይ አሉ። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይም አሉ። የአንባቢው ጆሮ ላይም አሉ፤ ነቅነቅ ሲል ክሮቹ አብረውት ይሄዳሉ። የ«ና» እግር የተጎተተው ለካ ጸሐፊው ጎትቶት አይደለም። ስንት ቀን ሳማው ሰነበትሁ።

ክሩን የሚያወጣው ጣሪያው ላይ ያለው አንቴና ነው። ያ ጎባጣ ብረት ነው ልጄን የሚገድለው።

እሑድ፣ ነሐሴ 13፣ የቡሄ ዕለት

በግራ እጄ ጉንጬን ይዤ እጽፋለሁ። ፊደሌ ቢጣመም ይቅር ይባልልኝ።

ካድሬው ማታ አዳራሽ መጣ። ዜናው ከመጀመሩ በፊት እጄን አነሣሁ። ሽፈራው ዝቅ በይ አለኝ፤ ካድሬው ትናገር አለ፣ እየሳቀ። ዘርፉ የሠዓሊው አሳብ እንዳልሆነ፣ ሳጥኑ እንደሚያወጣው፣ አሁን ጨረሩ ሲመጣ በዓይኑ እንዲያይ ነገርሁት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ክፍል ውስጥ የቆምሁ ያህል ነበር።

«እሺ እናት» አለ። «አብረን እናያለን።»

ሁለት ሰዓት ሆነ። ከበሮ። ቆምን።

ጨረሩ የለም።

እንደገና ቀይረውታል። ፀሐይዋ የለችም፣ ጎባጣው ጠረጴዛ የለም። አንባቢው በትልቅ ባለ ጥርስ ማርሽ ሥዕል ፊት ተቀምጧል፤ ከማርሹ መካከል የመሪው ፎቶግራፍ አለ። አዳራሹ ተነፈሰ። እኔ የምቆምበት ጠፋኝ። አንድ ሳምንት ሳይሞላው ማን ግድግዳ ይቀይራል?

«ጨረርሽ ወዴት ገባ፣ እናት?» አለ ካድሬው። ጥበቃዎቹ ሳቁ።

ወደ ሳጥኑ ሄድሁ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ጣቴን መስተዋቱ ላይ፣ ከመሪው ፎቶግራፍ ራስ በላይ አደረግሁ። ክሮቹ እዚያ ነበሩ። ጨረሮቹ ላይ ከነበሩት ይልቅ ጎልተው፣ በጠጉሩ ዙሪያ ተንጠልጥለዋል።

«ይኸው ዘርፉ፣ ጓድ። ይህንንስ ማን ሣለው?»

ካድሬው መጣና በእጁ ጀርባ አፌን መታኝ። ከወለሉ ስነሣ ደግሞ መታኝ። ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ነበር። መዳፌ ላይ ተፋሁትና ቆምሁ። ጣቴን መልሼ መስተዋቱ ላይ አደረግሁት።

እርሱም አየ። አለማየት አልቻለም። ሁላችንም እያየን ነበር፤ ይህ ነው የጎዳው። ሽፈራውን ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን እንዲያዞር አዘዘው። በዝናቡ ውስጥ ቆርቆሮው ላይ ሲራመድ ይሰማል። ምስሉ ተቀደደ፣ ተመለሰ፣ ተቀደደ። ከዚያ ክሮቹ አንድ በአንድ ገብተው ጠፉ። የመሪው ራስ ጥርት አለ። ማንም አላጨበጨበም። ለማን ይጨበጨባል?

«ቀለሙስ?» አለ ካድሬው። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አረንጓዴውንም አንቴናው ነው ያወጣው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። አፌ ደም ሞልቷል። ወደ ጌጡ ዞርሁ። አባ ወልዴም ዞሩ። ቀስ በቀስ አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ጌጡ ተነሣ። ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ እንደሚነሣው፣ እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ።

«ቀለም ያየ የለም፣ ጓድ። ሳጥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። አረንጓዴ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ካድሬው ሽጉጡን መዘዘ። ጌጡ ግንባር ላይ አስደገፈው። ጌጡ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ሱሪው ረጠበ። ከዚያ ካድሬው እጁን አንሥቶ ግድግዳውን ተኮሰ፤ በፀሐይዋ መካከል። ኖራው በራሳችን ላይ ዘነበ። ሴቶቹ ወለሉ ላይ ወደቁ።

«ይህ በኖራ ይለቅለቅ» አለ። «ዛሬ የታየ ነገር የለም። የመሪውን ራስ ያነሣ ሰው ካለ ራሱን ያጣል።» ስለ እስረኛው ምንም ሳያዝ ወጣ። መኪናው ሲነሣ ሰማን።

እኩል ሌሊት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ጌጡ እስር ቤቱን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ነበር፤ እርሱና አባ ወልዴ ታፈሰን በብርድ ልብስ ተሸክመው ደፉ ላይ ቆመዋል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። የገዛሁት ቅቤ ታፈሰ እግር ላይ ዋለ። ሰኞና ማክሰኞ አልጻፍሁም፤ ጨው ውኃ እያፈላሁ ነበር። ትኩሳቱ ትናንት ማታ ወረደ። ያወራል። ሽፈራው የሚባል በሬ ሥጋ ቤት ላይ እሥላለሁ ብሎኛል።

ጌጡ ጠዋት መጣ። ሊቀ መንበርነቱ ገና አልተነሣም፣ ለምን እንዳልተነሣ እርሱም አያውቅም። ግንባሩ ላይ የሽጉጡ አፍ ክብ ምልክት አለ፤ ባርኔጣ አድርጎበታል። በኖራ የተለቀለቀው ግድግዳ ለበዓሉ ባዶ ሊሆን አይችልም። አዲሱ ማርሽ ይሣልበት ተብሏል።

«ቀለሙስ?» አለ ታፈሰ ከአልጋው።

ጌጡ ወለሉን አየ። ካድሬውንም ጠይቆ ነበር፤ ስልክ ተዘጋበት። የማርሹን ቀለም እርሱም ገና ያላየው ይመስላል።

ያየነውን እንሣል አልሁ። ጥቁር፣ ነጭና አመድ። ከዚያ የወጣ ነገር እጃችን አይነካም።

ታፈሰን በወንበር ተሸክመው ወሰዱት። የቀኝ እጁ ብሩሽ አይጨብጥም። እርሱ ከሥር እየመራ፣ እኔ እየሣልሁ፣ ጌጡ መሰላሉን ይዞ ዋልን። «ወደ ግራ፣ እታለም። አበዛሽው። እንደ ዳቦ አታሳብጪው።» በሕይወቴ የተማሪዬ ተማሪ ሆኜ አላውቅም። «ዜና» የሚለውን ግን ማንም እንዲመራኝ አልፈለግሁም። የ«ና»ን እግር በልኩ ቆረጥሁት። የጥይቱን ቀዳዳ በጭቃ ደፍነን ከማርሹ ጥርሶች አንዱን አደረግንበት።

አመዳም አዳራሽ ሆነ። የዝናብ ቀን የመሰለ። እንድሪስ በበሩ ብቅ ብሎ አየና «እትዬ፣ ቀዩ መጥቶልኛል እኮ፣ አስቀርቼልዎታለሁ» አለኝ። ለሌላ ሽጠው አልሁት።

ጌጡ ማታ ሲሸኘን በሩ ላይ ቆመ። ለበዓሉ ለአዳራሹ ባለቀለም ቴሌቪዥን ይመጣል ተብሏል፤ ቀኑን አልነገሩትም። ታፈሰ ወደ እኔ አየ፣ እኔም ወደ እርሱ።

አሁን ተኝቷል። እግሩን ደጋግሜ አሸተትሁት፤ አልገማም። ብሩሾቹን አጥቤ ላደርቃቸው ነበር፣ ተውሁት። ላምባ ውስጥ እንደተነከሩ ከአልጋዬ ሥር አኖርኋቸው።